ከኮፓው ሥር፦ ስለ ቆየ ፒካፕ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ። የተከበራችሁ የመኪና ባለቤቶች፣ ሹፌሮችና መካኒኮች፣ እንዲሁም በር ላይ «እኔን የላከችኝ ባለቤቴ ናት» ያሉኝ ወንድሜ፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። ድምፄ እስከ ኋላ ይሰማል? መልካም።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ፒካፕ ወይም የጭነት መኪና ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ብዙ ናችሁ። አሁን የካምቢዮውን ዘይት ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደቀየራችሁ የምታስታውሱ ብቻ እጃችሁን እንዳነሣችሁ ቆዩ፤ ሌሎቻችሁ አውርዱ። አያችሁ? ሦስት እጅ ቀረ። ከሦስቱ አንዱ ደግሞ ዕቃ ተሸክሞልኝ የመጣው ረዳቴ ነው።

የሞተሩን ዘይት ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ቀኑን ሳይቀር ትነግሩኝ ነበር። ታዲያ ካምቢዮው ምን በደለ?

ይህ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ጠርሙሶች አሉ። አንዱ ቀይ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ከቆርቆሮው የቀዳሁት አዲስ ዘይት። ሁለተኛው ጥቁር ነው፤ ክዳኑን ስትከፍቱ የተቃጠለ ነገር ይሸታችኋል። ሦስተኛው ጠቆር ያለ ሻይ ይመስላል። የሦስተኛውን ባለቤት መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ፤ አሁን ብነግራችሁ አትሰሙኝም።

የምናገረው ስለ አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዘይቱ እዚያ ውስጥ ምን እንደሚሠራ። ሁለተኛ፣ ዘይቱን እንዴት እንደምናነበው። ሦስተኛ፣ እንዴት እንደምንቀይረው። አራተኛ፣ የትኛውን ዘይት እንደምንጨምር። አራተኛውን የመርሳት ልማድ ስላለብኝ አስታውሱኝ።

እንግዲህ ከአንደኛው ልነሣ። እኔ ያደግሁት በእጅ ማርሽ መኪና ነው። እዚያ የካምቢዮ ዘይት ሥራው ጥርስ ከጥርስ እንዳይፋጭ ማድረግ ነው፤ ቀላል ሥራ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲገጥመኝም ያው ነው ብዬ ገባሁበት። ያው አይደለም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይቱ ራሱ አንድ የማሽኑ ክፍል ነው። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ማን ነው? ዘይቱ ነው። ቶርክ ኮንቨርተር የሚባለውን ክብ ዕቃ አስቡት፤ ውስጡ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ማራገቢያ መሰል ነገሮች አሉ። አንዱን ሞተሩ ያዞረዋል፤ እሱ ዘይቱን ይወረውራል፤ የተወረወረው ዘይት ሌላኛውን ይገፋና ያዞረዋል። መኪናችሁ ከቆመበት የሚነሣው በዘይት ግፊት ነው። ማርሽ የሚቀይረው ማን ነው? አሁንም ዘይቱ ነው። ፓምፑ ግፊት ይፈጥራል፤ ቫልቮቹ ግፊቱን ወደሚፈለገው ፍሪሲዮን፣ ማለትም ሲጨባበጡ ኃይል ወደሚያስተላልፉት ዲስኮች፣ ይልኩታል፤ ፍሪሲዮኑ ይጨበጣል። ሙቀቱን ተሸክሞ ራዲያተሩ ውስጥ ወዳለው ማቀዝቀዣ የሚወስደውስ? እሱው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ዘይት ሁለት ተቃራኒ ሥራ ተሰጥቶታል። ጥርሶቹንና ቡሽኖቹን (ዘንጎቹ የሚሽከረከሩባቸውን ቀለበቶች) ማንሸራተት አለበት፤ ፍሪሲዮኖቹ ሲነካኩ ደግሞ ሳያንሸራትት፣ ግን ሳይደነግጥም፣ ለስለስ አድርጎ እንዲያያዙ ማድረግ አለበት። ለዚህ ሲባል ልዩ ቅመም ይጨመርበታል። በድሮ ጊዜ ቅመሙ ከምን ይመጣ እንደነበር ታውቃላችሁ? ከስፐርም ዓሣ ነባሪ ዘይት! አሜሪካ በ1970ዎቹ ዓሣ ነባሪዎችን ለመጠበቅ ሕግ ስታወጣ የዘይት ኬሚስቶች ምትክ ፍለጋ ተቸግረው ነበር። ይህን የምነግራችሁ ቀይ ፈሳሽ ሁሉ አንድ ነው የሚለውን ሐሳብ ከአሁኑ እንድትጠራጠሩት ነው።

የዘይቱ ጠላት ሙቀት ነው። ደጋግሜ እላለሁ፣ ሙቀት ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብቻ አትዩ። መካኒኮች እንደ ግምት መነሻ የሚይዙት አንድ ስሌት አለ፤ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚሠራ ዘይት 160,000 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል ቢባል፣ ከዚያ በላይ ሙቀቱ በ11 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ቁጠሩልኝ። 91 ዲግሪ ላይ 80,000። 102 ዲግሪ ላይ 40,000። 113 ዲግሪ ላይ 20,000። ስሌቱ ግምት ነው፤ አቅጣጫው ግን አይዋሽም። ተጎታች አስራችሁ ረጅም ዳገት በዝግታ ስትወጡ ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ዘይት እየተናጠ ይግላል። ኮንቨርተሩን የሚቆልፈው ፍሪሲዮን ያን ጊዜ ክፍት ነውና። ስለዚህ ከባድ ጭነት ሲኖር ኦቨርድራይቭን (ለፈጣን ጉዞ የሆነውን የላይኛውን ማርሽ) ማጥፋት፣ ማርሹ ወዲያ ወዲህ እንዳይል ማድረግ፣ ከተቻለም ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ከራዲያተሩ ፊት ማስገጠም ተአምር ሠሪ ከሚባል ከማንኛውም ጠርሙስ ይበልጣል። ብዙ የባለቤት መመሪያዎችም ለከባድ ሥራና ለቀላል ሥራ የተለያየ የመቀየሪያ ጊዜ የሚጽፉት ለዚህ ነው። ፒካፕ ገዝቶ «የእኔ ቀላል ሥራ ነው» የሚል ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ ወደ ንባቡ። ንባብ የምለው በምክንያት ነው፤ የካምቢዮ ዘይት የውስጡን ጉዳይ ጽፎ የሚያወጣ ደብዳቤ ነው። መጀመሪያ ግን ደብዳቤውን በትክክል እናውጣው፤ እዚህ ላይ የራሴን ውርደት ልናገር።

የመጀመሪያዬ አውቶማቲክ ፒካፕ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ ይል ጀመር። ሞተሩን አጥፍቼ የመለኪያ ዘንጉን መዘዝሁ። ሙሉ ነው። በነጋታው አየሁ፤ ሙሉ ነው። ፍሪሲዮኑ አልቋል ብዬ ካምቢዮውን ለማውረድ ተነሣሁ። የመጀመሪያውን ብሎን ሳላላ ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ መጡና «ሞተሩን አስነሥተህ ለካኸው?» አሉኝ። አልለካሁም። አስነሡት፣ አሞቁት፣ ማርሹን በሁሉም ቦታ አሳለፉት፣ ለኩት። ዘንጉ ጫፍ ላይ እንኳ ጠብታ የለም። ሁለት ሊትር ጎድሎ ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ ከኮንቨርተሩና ከመተላለፊያዎቹ ዘይት ወደ ኮፓው፣ ከካምቢዮው ሥር ወዳለው የዘይት ገንዳ፣ ይመለሳልና የጎደለውን ሙሉ አስመስሎ ያሳያል። ሽማግሌው ምንም አልተቆጡኝም። «ቆሞ የሚሠራን ነገር ተኝቶ አትለካው» ብለውኝ ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ይለካል። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። ዘይቱ የሥራ ሙቀቱን ይያዝ፤ አሥራ አምስት፣ ሃያ ደቂቃ ነድታችሁ ኑ። የእጅ ፍሬኑ ይሳብ። ሞተሩ እየሠራ፣ እግራችሁ ፍሬን ላይ ሆኖ፣ ማርሹን በየቦታው ለጥቂት ሰከንድ አሳልፉት። ከዚያ ፒ (የማቆሚያው ቦታ) ላይ አድርጋችሁ ለኩ። ብዙ የቆዩ ዶጅ ፒካፖች ግን ኤን (ዜሮ ማርሽ) ላይ ነው የሚለኩት፤ እነዚያ ፒ ላይ ሲሆኑ ፓምፑ ኮንቨርተሩን አይሞላውም። ዘንጉን አንዴ ጠርጋችሁ መልሱት፣ እንደገና መዝዙት፣ ሁለተኛውን ንባብ እመኑ። ዘንግ የሌላቸው መኪናዎች አሉ፤ እነዚያ በጎን ባለ ብሎን፣ በተወሰነ የዘይት ሙቀት ላይ ይለካሉ፤ መመሪያውን ካልያዛችሁ አትንኩት።

አሁን ዘንጉን በነጭ ወረቀት ላይ ጥረጉት። ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ደኅና ነው። ቡናማ ሆኖ ሽታው ካልከፋ አርጅቷል፣ ጊዜው ደርሷል። ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ ፍሪሲዮኑ እየተበላ ነው። አረፋ ካለው ከልክ በላይ ተሞልቷል፣ ወይም ፓምፑ ከሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው። ወተት የተቀላቀለበት እንጆሪ ከመሰለ ግን ቁልፉን ነቅላችሁ ውረዱ! መኪናውን አታንቀሳቅሱት። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የዘይት ማቀዝቀዣ ተበስቶ ውኃ ገብቷል ማለት ነው፤ ውኃ የፍሪሲዮኑን ሽፋን ከብረቱ ጋር ያጣበቀውን ሙጫ ያላቅቃል።

እዚህ ላይ ሁላችሁም ይዛችሁት የመጣችሁትን ጥያቄ አውቃለሁ። «ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት ከተቀየረ ካምቢዮው ይሞታል ይባላል፤ እውነት ነው?» አይደል? ቅድም እጃቸውን ካወረዱት ግማሹ በስንፍና ሳይሆን በዚህ ፍርሃት ነው ያልቀየሩት።

እኔም ተከስሼበታለሁ። አንድ ደንበኛ መኪናውን አምጥቶ ዘይት ቀይርልኝ አለኝ። ቀየርሁለት። ዘይቱ ይህን ሁለተኛ ጠርሙስ ይመስል ነበር። በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ፤ መኪናው ወደፊት አልሄድ ብሏል፣ «ገደልኸው» አለኝ። ያን ሌሊት አልተኛሁም። በኋላ ካምቢዮው ሲፈታ ፍሪሲዮን ዲስኮቹ ሽፋናቸው አልቆ ብረታቸው ታየ። በሦስት ቀን ያለቀ አልነበረም። ሰውየውም ሲጠየቅ ላለፉት ብዙ ወራት ማርሹ ይንሸራተት እንደነበር አመነ፤ ዘይት ለማስቀየር የመጣውም ለዚሁ ነው። የኔ ጥፋት ምን ነበር? ዘይቱን መቀየሬ አይደለም። ሳልነዳው መቀየሬ ነው። ሳልጠይቀው መቀየሬ ነው። ጥቁሩን ዘይት አይቼ አፌን ዘግቼ መቀየሬ ነው።

የአባባሉ ምንጭ ይህ ይመስለኛል። ሰው የካምቢዮ ዘይት የሚያስታውሰው ካምቢዮው ሲታመም ነው፤ የታመመው ሲሞት ደግሞ የመጨረሻው ጎብኚ ይከሰሳል። እርግጥ በአሮጌው ዘይት ውስጥ የሚንሳፈፈው የፍሪሲዮን ብናኝ ላረጀው ዲስክ ትንሽ መያዣ ይሆነዋል የሚሉ ልምድ ያላቸው መካኒኮች አሉ፤ አላፌዝባቸውም። ግን በብናኝ የሚሄድ ካምቢዮ ስንት ቀን ይሄዳል? የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ማርሹ በሥርዓት እየገባ ዘይቱ ቡናማ ከሆነ፣ ምንም ያህል ዓመት ይሁነው፣ ቀይሩት። እየተንሸራተተ ዘይቱ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ከአዲስ ዘይት ፈውስ አትጠብቁ፤ ገንዘባችሁን ለጥገናው አስቀምጡ። ነገርን ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ዘይት የተነገረ ይመስለኛል። ከተቃጠለ በኋላ ቅጠሉም ይቃጠላል።

ሦስተኛው ነጥብ ሥራው ነው። ደህና አድርጋችሁ ያዙ።

ክሪክ ብቻውን መኪና አይሸከምም። ይህን በቀልድ አልናገርም። መኪናውን በብረት ማቆሚያ ላይ አሳርፉት፣ ጎማዎቹን ሽብልቅ አድርጉ፣ ከዚያ ግቡ። ዘይቱ ሞቅ ያለ ይሁን፤ የሚያቃጥል ግን አይሁን። ብዙ የቆዩ ካምቢዮዎች ኮፓቸው ላይ የማፍሰሻ ብሎን የላቸውም። ስለዚህ የኮፓውን ብሎኖች ሁሉ ታላላላችሁ፤ የአንዱን ጎን ሙሉ በሙሉ ትፈታላችሁ፤ የሌላውን ጎን ግን በጥቂት ጥርስ ይዛችሁ ኮፓው በቀስታ ወደ አንድ በኩል እንዲያዘነብል ታደርጋላችሁ። ሰፊ መቀበያ አድርጉ። ከዚያም የሚሰፋ አድርጉ። መጀመሪያ ስሠራ የፈሰሰውን ዘይት ግማሹን መቀበያው፣ ግማሹን እኔ ተቀበልሁት።

ኮፓው ሲወርድ አትቸኩሉ። ወዲያው ጠርጎ ማጠብ የጀማሪ ሥራ ነው። መጀመሪያ እዩት! ከታች ማግኔት አለ። ማግኔቱ ላይ የተለጠፈ፣ በጣት ሲታሽ እንደ ቅባት የሚልም ግራጫ ነገር የተለመደ ነው፤ ዓመታት የፋቁት ብረት ነው። የሚያብረቀርቅ ስንጥር፣ የሚጨበጥ ቁራጭ ብረት ካለ አንድ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ (ቤሪንግ) እየተበላ ነው። ወርቅማ ብናኝ ቡሽን ነው። ወፈር ያለ ጥቁር ዝቃጭ ፍሪሲዮን ነው። ሰው የዘይት ቅየራ ዋጋ ከፍሎ እግረ መንገዱን የምርመራ ውጤት ያገኛል፤ ኮፓውን ሳያወርድ ዘይቱን ብቻ የሚያስመጥጥ ሰው ግን ውጤቱን ሳይቀበል ከሐኪም ቤት እንደወጣ ነው።

ፊልትሮውን ስታወጡ አንገቱ ላይ ያለውን ጎሚኒ (የማሸጊያ ቀለበት) ፈልጉት። ብዙ ጊዜ ፊልትሮው ይወርድና ጎሚኒው እላይ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። አዲሱን በአሮጌው ላይ ከደረባችሁት በደንብ አይቀመጥም፣ ፓምፑም አየር ይስባል። ጎሚኒውን ስታወጡ ደግሞ ጉድጓዱን በሹል ብረት አትጫሩት። አሮጌውንና አዲሱን ፊልትሮ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ከፍታቸውን አስተያዩ፤ አንዳንድ ካምቢዮዎች በጥልቅም በአጭርም ኮፓ ስለሚመጡ ፊልትሮውም ይለያያል።

ስለ ብሎኖቹ። እነዚህ ትናንሽ ብሎኖች ናቸው፤ በአብዛኛው 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃቸዋል፤ የጎማ ቁልፍ እንደያዘ ሰው አትታገሏቸው። ከመጠን በላይ ሲጠብቁ የኮፓው ከንፈር ብሎኑ ባለበት ይሰረጉዳል፣ ከዚያ ጓርኒሲዮኑ (በኮፓውና በካምቢዮው መካከል ያለው ማሸጊያ) መካከል ላይ አይነካም፣ ዘይት ያንጠባጥባል። ያንጠባጥባል ብሎ ሰው ደግሞ የበለጠ ያጠብቀዋል! የተሰረጎደውን ከንፈር በእንጨት ላይ አድርጋችሁ በቀስታ ቀጥቅጡና አስተካክሉት። የሁለቱንም ፊት አሮጌ ጓርኒሲዮን አጽዱ። በሲሊኮን መሙላት ይቅርባችሁ፤ ተርፎ ወደ ውስጥ የሚገባው ቁራጭ ፊልትሮውን ይደፍናል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው፤ እኔ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ።

አሁን አንድ ሒሳብ። ኮፓውን ስታወርዱ ዘይቱ ሁሉ ወጣ? አልወጣም። በብዙ የጄኔራል ሞተርስ ፒካፖች ላይ የነበረውን 4ኤል60-ኢ የተባለውን ካምቢዮ እንውሰድ። ኮፓው ሲወርድ የሚወጣው 4.7 ሊትር ያህል ነው፤ ጠቅላላው ግን ከትልቁ ኮንቨርተር ጋር 10.6 ሊትር አካባቢ ይይዛል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ስትቀይሩ 44 በመቶው አዲስ፣ 56 በመቶው አሮጌ ይሆናል። ጥቂት ነድታችሁ ሁለተኛ ብትቀይሩ አሮጌው ወደ 31 በመቶ ይወርዳል። በሦስተኛው ወደ 17 በመቶ። ለቆየና ታሪኩ ለማይታወቅ መኪና እኔ የምመርጠው ይህን መንገድ ነው፤ ፊልትሮው መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ይቀየራል፣ ኮፓውም የማፍሰሻ ብሎን ያለው ቢደረግለት የሚቀጥሉት ሁለቱ ቀላል ናቸው። አንዳንድ የቆዩ ፎርድ ፒካፖች ኮንቨርተራቸው ራሱ ማፍሰሻ ብሎን አለው፤ የእነዚያ ባለቤቶች ዕድለኞች ናችሁ።

ሌላው መንገድ ከማቀዝቀዣው የሚመለሰውን ቱቦ ፈትቶ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ሁለት ሊትር ያህል ማስወጣት፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ ያንኑ ያህል መሙላት፣ እንደገና መጀመር ነው። ይሠራል፤ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ፓምፑ እንዳይደርቅም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በግፊት የሚያጥበውን ማሽን በተመለከተ፣ ለቆየ ካምቢዮ አልወደውም። የተቀመጠን ዝቃጭ መቀስቀስ ምን ይጠቅማል?

ስትሞሉ ከወጣው ትንሽ አሳንሳችሁ ጀምሩ፤ ሞተሩን አስነሡ፣ ማርሹን አሳልፉ፣ ለኩ፣ ጨምሩ። ብዙ ዘንጎች ላይ ከታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው ያለው ግማሽ ሊትር ያህል ብቻ ነው። የተረፈው ዘይት የሚሽከረከሩት ክፍሎች ደርሰውበት አረፋ ያደርጉታል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይሸከምም። ያወጣችሁትንም ዘይት መሬት ላይ አትድፉት፤ ሰብስባችሁ ለሚቀበል ስጡት።

ጨረስሁ። ምን? አዎ፣ አራተኛው! አመሰግናለሁ።

ጄኔራል ሞተርስ ለአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት የመጀመሪያውን መስፈርት፣ ኤ ዓይነት የተባለውን፣ ያወጣው በ1949 ነው። በ1967 ዴክስሮን መጣ፤ በ1993 ዴክስሮን 3፤ በ2005 ዴክስሮን 6። የኋለኛው በዴክስሮን 2 እና 3 ምትክ እንዲገባ ታስቦ የተሠራ ነው። ፎርድ በሌላ መንገድ ሄደ፤ የድሮው ኤፍ ዓይነት ዘይት ከዴክስሮን በተለየ ፍሪሲዮኑን ፈጠን ብሎ እንዲይዝ የሚያደርግ ነው፤ በኋላ መርኮን፣ ቀጥሎ መርኮን 5 መጡ። ክራይስለርም የራሱ አለው። ሁሉም ቀይ ናቸው። ቀለሙ ከሞተር ዘይት እንድትለዩትና የሚያንጠባጥበው ከየት እንደሆነ እንድታውቁ የተነከረ ነው፤ ስለ ጥራቱ አንዳች አይናገርም። «ለሁሉም መኪና» ከሚል ጠርሙስ ይልቅ የመመሪያችሁን መጽሐፍ ወይም ዘንጉ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ አንብባችሁ ያንን የመስፈርት ስም የያዘውን ግዙ።

ሦስተኛው ጠርሙስ፣ ሻይ የመሰለው። ባለፈው ሳምንት በመለኪያው ቱቦ በኩል ከራሴ ፒካፕ የመጠጥሁት ነው። አትሳቁ! የሰው መኪና ስሠራ የራሴን ዘለልሁት፤ ማርሹ ግን በሥርዓት ይገባል፣ ሽታም የለውም። ቅዳሜ ጠዋት ኮፓውን አወርዳለሁ። አብሮኝ ከሥር መግባት የሚፈልግ አሮጌ ልብስ ለብሶ ይምጣ፤ ማግኔቱን መጀመሪያ የሚያየው ደግሞ እኔ ነኝ።